ፊደልን በጥጥና በፎይል፦ በቤት የሚሠራው የታብሌት ብዕር

በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ጄፒ» የሚሉት የጆሃንስበርግ መንገድ ዛሬ በይፋ የሚጠራው በራሂማ ሙሳ ስም ነው። ራሂማ ሙሳ እ.አ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1956 የአፓርታይድን የይለፍ ወረቀት ሕግ ለመቃወም ወደ ፕሪቶሪያ የተመሙትን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ከመሩት አራት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ስሙ ቢለወጥም በሐበሻው ዘንድ መንገዱ አሁንም ጄፒ ነው። በዚያው መንገድ የሚገኘው ሜዲካል አርትስ የተባለ ሕንጻ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ በአንድ ወቅት የሐኪሞች መመርመሪያ ክፍሎች የነበሩበት ነው። ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ ወደ አገሪቱ የገቡ ኢትዮጵያውያን፣ ብዙዎቹም ከሀዲያና ከከምባታ አካባቢ የመጡ፣ የሐኪሞቹን ክፍሎች በትናንሽ ሱቆች ሸንሽነው የታወቀ የንግድ ማዕከል አደረጓቸው።

ቀኑን በንግድ የሚያሳልፍ ወላጅ ማታ ቤቱ ሲገባ አንድ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ልጁ ቀኑን በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ሲማር፣ በሰፈር ደግሞ ዙሉ ወይም ሶቶ ሲሰማ ይውላል። አማርኛን ከቤት ውጭ የሚያስተምረው የለም። ስለዚህ ብዙ ወላጆች ታብሌት ያነሡና የፊደል ገበታ የያዘ መተግበሪያ ከፍተው ልጃቸውን «ሀ ሁ» ያስቆጥራሉ። ልጁም ፊደሉን በጣቱ ይነካል፤ ድምፁን ይሰማል፤ ይደግማል። ማንበቡ መልካም ይጀምራል። ችግሩ የሚመጣው መጻፍ ላይ ሲደረስ ነው።

የአማርኛ ፊደል በትናንሽ ምልክቶች የሚለይ ፊደል ነው። «ተ» እና «ቸ»፣ «ደ» እና «ጀ»፣ «ነ» እና «ኘ» የሚለያዩት ከአናት ላይ በምትጨመር አንዲት አጭር ሰረዝ ነው። «በ»፣ «ቡ» እና «ቢ» ቢታዩም ልዩነታቸው በጎን ወይም በእግር የምትቀጠል ትንሽ ቅጥያ ናት። ጣት ደግሞ ወፍራም ነው፤ የሚጽፈውን መስመር ራሱ ይሸፍነዋል። ልጁ ሰረዟ የት እንዳረፈች የሚያየው ጣቱን ካነሣ በኋላ ነው። ከዚህም በላይ ጣቱን እያንሸራተተ ፊደል የለመደ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ሲሰጡት የብዕር አያያዝን እንደ አዲስ ለመማር ይገደዳል።

መፍትሔው ስታይለስ፣ ማለትም ለታብሌት የሚያገለግል ብዕር ነው። ከሱቅ ሊገዛ ይችላል። ነገር ግን ያለቀ እስክሪብቶ፣ አንድ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ከማእድ ቤት የተገኘ ጥቂት የአሉሚኒየም ፎይልና ሁለት ጠብታ ውሃ ያለው ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ይህ የሚቻልበት ምክንያት ግን እስክሪብቶው ወይም ጥጡ ሳይሆን የሚጽፈው ሰው አካል ነው። ይህን ለመረዳት ስክሪኑ ጣትን እንዴት እንደሚያውቅ ማየት ያስፈልጋል።

ስክሪኑ ጣትን እንዴት ያውቃል?

በጣት የሚነካ ስክሪን ሐሳብ ከሚገመተው በላይ የቆየ ነው። እ.አ.አ. በ1965 ማልቨርን በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በሚገኝ የመንግሥት የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢ. ኤ. ጆንሰን በንክኪ ስለሚታዘዝ ስክሪን አጭር ጽሑፍ አሳተመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በጄኔቭ አቅራቢያ በሚገኘው ሰርን በተባለው የኒውክሊየር ምርምር ማዕከል ቤንት ስቱምፔና ፍራንክ ቤክ ለአንድ ግዙፍ የቅንጣት ማፍጠኛ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚያገለግል ተመሳሳይ ስክሪን ሠሩ። ቴክኖሎጂው በሰፊው ሕዝብ እጅ የገባው ግን በተለይ አይፎን ለሕዝብ ከቀረበበት ከ2007 ወዲህ ነው።

ዛሬ በአብዛኞቹ ታብሌቶችና ስልኮች መስታወት ሥር ለዓይን የማይታይ ጥልፍልፍ አለ። የሚሠራው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከተባለ፣ ብርሃንን ከሚያሳልፍና ኤሌክትሪክንም ከሚያስተላልፍ ቁስ ነው። መስመሮቹ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ታች ሆነው ይሻገራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ጥቂት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይጠራቀማል። የመሣሪያው መቆጣጠሪያም በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ምን ያህል ቻርጅ እንዳለ በሰከንድ በርካታ ጊዜ እየዞረ ይለካል።

የሰው አካል በአብዛኛው ጨው የተቀላቀለበት ውሃ በመሆኑ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል። ጣት ወደ መስታወቱ ሲቀርብ በዚያ ቦታ ካለው ቻርጅ ጥቂቱን ወደ ራሱ ይስባል። መቆጣጠሪያው መቀነሱን ሲያይ «እዚህ ተነካሁ» ይላል። ስክሪኑ የሚለካው ግፊትን ወይም ሙቀትን አይደለም። ሰው ምንም ያህል ቢጫን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ከያዘ ስክሪኑ አያውቀውም።

ያለቀ እስክሪብቶ ታብሌት ላይ የማይጽፈውም ለዚህ ነው፤ ላስቲክ ኤሌክትሪክን አያስተላልፍም። የሱፍ ጓንት ያደረገ ሰው ስልኩን ማዘዝ የሚያቅተውም እንዲሁ ነው። እ.አ.አ. በ2010 ክረምት ብርድ የበረታባቸው የደቡብ ኮሪያ ሰዎች ጓንታቸውን ላለማውለቅ በትንሽ ቋሊማ ስልካቸውን ሲነኩ መታየታቸው በዓለም ዜና የተዘገበው ከዚህ የተነሣ ነበር። ቋሊማ እርጥብና ጨዋማ ነው፤ ለስክሪኑ ከጣት ብዙ አይለይም።

ታዲያ ሚስማር ለምን አይሠራም? ብረት ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል። ነገር ግን የሚስማር ጫፍ ሾጣጣ በመሆኑ የሚስበው ቻርጅ እጅግ ጥቂት ነው። የመሣሪያው ሶፍትዌር ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ እንደ ተራ ረብሻ ቆጥሮ ይተወዋል። ስክሪኑን መቧጨሩ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። ከዚህ በመነሣት በቤት የሚሠራ ብዕር ሁለት ነገር ብቻ ማሟላት እንዳለበት መናገር ይቻላል፤ ጫፉ ለስላሳና ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሆን አለበት፤ ከጫፉ እስከ ጸሐፊው እጅ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ያልተቋረጠ መንገድ መኖር አለበት።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ያለቀውን እስክሪብቶ ፈትቶ ቀለም የያዘውን ቀጭን ቱቦና ጫፉን ማውጣት ያስፈልጋል። የሚፈለገው ባዶው ቀፎ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የጆሮ ማጽጃውን አንዱን ጫፍ ቆርጦ በመጣል፣ ጥጥ ያለበትን ወገን ወደ ውጭ አድርጎ ዘንጉን ወደ ቀፎው ማስገባት ነው። ጥጡና ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዘንግ ወደ ውጭ ቢቀር ይበቃል። ዘንጉ ከላላ ጥቂት ወረቀት ጠቅልሎ ማጥበቅ ይቻላል። በዚህ ደረጃ ብዕሩ ገና አይጽፍም፤ ዘንጉም ቀፎውም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉምና ጥጡ ከእጅ ጋር አልተገናኘም።

ሦስተኛው ሥራ ዋናው ነው። ከአሉሚኒየም ፎይል አራት ጣት ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ተቀዶ በብዕሩ ላይ ይጠቀለላል። የፎይሉ አንድ ጠርዝ የጥጡን የታችኛውን ግማሽ መንካት አለበት፤ ሌላው ጠርዝ ጣቶች ብዕሩን እስከሚይዙበት ቦታ መድረስ አለበት። የጥጡ ጫፍ ግን ምንጊዜም ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ስክሪኑን የሚነካው ጥጡ እንጂ ፎይሉ አይደለም። ፎይሉ እንዳይፈታ ከላይና ከታች በፕላስተር ቢያዝ መልካም ነው፤ ሆኖም ጣት የሚያርፍበት ቦታ በፕላስተር ከተሸፈነ መንገዱ ይዘጋል።

በመጨረሻ ጥጡ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ውሃ ይደረጋል። ደረቅ ጥጥ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የቧንቧ ውሃ ግን በውስጡ ባሉት ማዕድናት ምክንያት ለዚህ የሚበቃ ያህል ያስተላልፋል። ጥጡ እርጥብ ይሁን እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ውሃው በስክሪኑ ላይ ከተዘረጋ መቆጣጠሪያው ውሃውንም እንደ ንክኪ ይቆጥረውና መስመሩ ይበላሻል።

ብዕሩ አልጽፍም ካለ ምርመራው ቀላል ነው። ፎይሉ ጥጡን በእርግጥ ይነካል? የጸሐፊው ጣት ፎይሉን ይነካል? ጥጡ እርጥብ ነው? ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው መከላከያ መስታወት ከመጠን በላይ ወፍራም ነው? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ ይገኛል።

የጆሃንስበርግ አየር የሚያመጣው ችግር

ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዝናቧ የሚጥለው በበጋ ነው፤ ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ክረምቷ ብርዳማና እጅግ ደረቅ ነው። በዚህ ወቅት የሰው ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ደረቅ ጣት ደግሞ ለስክሪኑ ደካማ ምልክት ነው። የብዕሩም ጥጥ ቶሎ ይደርቃል። አዲስ አበባ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያለውን ደረቅ ብርድ የሚያውቅ ሰው ነገሩን አያጣውም። ስለዚህ በክረምት ወራት አጠገብ እርጥብ ጨርቅ አስቀምጦ ጥጡን በየጊዜው መንካት ግድ ይሆናል።

ከዚህ መገላገል የሚፈልግ ሰው ጥጡን በሌላ ቁስ ሊተካው ይችላል። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ሲጓጓዙ እግሮቻቸው የሚሰካበት ጥቁር ስፖንጅ ካርቦን ስላለበት ያለ ውሃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሰዎች ይህን ስፖንጅ አውጥተው የሚጥሉት ነው። ከእርሱ የአተር ፍሬ የሚያህል ቆርጦ በቀፎው ጫፍ መሰካትና ከፎይሉ ጋር ማገናኘት ይበቃል። ሮዝ ቀለም ያለው ስፖንጅ ግን ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ የተሠራው የቻርጅ መጠራቀምን እንዲከላከል ብቻ ስለሆነ የማስተላለፍ አቅሙ እጅግ ዝቅተኛ ነው።

ሁለተኛው ችግር አቧራ ነው። ጆሃንስበርግ እ.አ.አ. በ1886 ወርቅ በመገኘቱ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ከወርቅ ማዕድን የወጣው የተፈጨ ድንጋይ እስከ ዛሬ በከተማዋ ደቡብ እንደ ቢጫ ኮረብታ ተቆልሎ ይታያል። የክረምቱ መጨረሻ ነፋስ ሲነሣ ከእነዚህ ክምሮች የሚቦነው አቧራ በየቤቱ ይገባል። በውስጡ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ከተራ መስታወት ይጠነክራል። አሉሚኒየም ከመስታወት የለሰለሰ ብረት ነው፤ ጥጥማ ከሁሉ የለሰለሰ ነው። ሆኖም በእርጥቡ ጥጥ ላይ የተጣበቀች አንዲት የኳርትዝ ቅንጣት ስክሪኑን ልትቧጭር ትችላለች። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ስክሪኑን በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት፣ ጥጡንም በየቀኑ መለወጥ ይገባል።

ብዕሩ ልጁን ምን ይጠቅመዋል?

ብዕሩን ለመሥራት የሚያበቃው ምክንያት ገንዘብ ማዳን ብቻ አይደለም። ጉዳዩ አንጎል ፊደልን እንዴት እንደሚማር የሚመለከት ነው። እ.አ.አ. በ2012 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ካሪን ጄምስ ከሥራ ባልደረባዋ ከላውራ ኤንግልሃርት ጋር አንድ ጥናት አሳትመዋል። ጥናቱ ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆች የእንግሊዝኛ ፊደላትን በሦስት መንገድ እንዲለማመዱ አደረገ፤ በነጻ እጅ በመጻፍ፣ በተሠራ ቅርጽ ላይ በመከተል እና የኪቦርድ ቁልፍ በመጫን። ከዚያም ልጆቹ ፊደላቱን ሲያዩ አንጎላቸው በኤም አር አይ መሣሪያ ተመረመረ። በንባብ ጊዜ የሚሠራው የአንጎል ክፍል በጉልህ የነቃው ልጆቹ በነጻ እጅ የጻፏቸውን ፊደላት ሲያዩ ነበር።

ተመራማሪዎቹ ይህን ያዛመዱት ልጅ በራሱ እጅ ሲጽፍ ፊደሉ በየጊዜው ተለዋውጦ ከመውጣቱ ጋር ነው። አንዱ «ሀ» ይጣመማል፤ ሌላው ይሰፋል። ልጁ እነዚህ ሁሉ አንድ ፊደል መሆናቸውን የሚያውቀው ራሱ ስለሠራቸው ነው። ጥናቱ የተካሄደው በላቲን ፊደል ቢሆንም ለፊደል ቆጣሪው ልጅ አንድ ትምህርት ሊሰጥ ይችላል። ታብሌት ላይ ያሉ ብዙ የፊደል መተግበሪያዎች ልጁን በነጥብ የተሠራ ቅርጽ ያስከትሉታል። ያ ለመጀመሪያ ቀን ይጠቅም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ባዶ የሥዕል ገጽ ከፍቶ፣ ብዕሩን አስይዞ፣ «እስቲ ቸን ጻፍልኝ» ማለት ይሻላል። ልጁ ሰረዟን ከረሳት «ተ» ሆና ትቀርበታለች፤ ስሕተቱንም በገዛ ዓይኑ ያየዋል።

በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ይህ ጉዳይ ከቤት ወደ ትምህርት ቤትም ይዘልቃል። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት በጃንዋሪ 2015 በጥቁሮች ሰፈሮች ባሉ ሰባት ትምህርት ቤቶች ወረቀትን በታብሌት የሚተካ ትምህርት ጀምሮ ነበር። ታብሌት በገባበት ሁሉ ልጆች በምን ይጽፋሉ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይገባል።

ወሰኑ የት ነው?

በቤት የተሠራው ብዕር ሁሉን አይሠራም። አፕል እ.አ.አ. በ2015 በ99 የአሜሪካ ዶላር ለገበያ ያቀረበው ብዕር የራሱ ባትሪ ያለውና ከታብሌቱ ጋር ምልክት የሚለዋወጥ ነው፤ እጅ ምን ያህል እንደተጫነና ብዕሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ ያውቃል፤ ጫፉም ቀጭን ነው። የጥጡ ብዕር ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም። ለሠዓሊ ወይም ለሕንጻ ነዳፊ አይበቃም። መስመሩ የሚያርፍበት ቦታም ከጥጡ ስፋት የተነሣ በአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ልጁ ፊደሉን ገጹን ሞልቶ በትልቁ ቢጽፍ ይመረጣል።

ሌላው እንከን መዳፍ ነው። ስክሪኑ የጥጡን ንክኪ ከመዳፍ ንክኪ አይለይም፤ ልጁ እጁን ሲያሳርፍ ያልተፈለገ መስመር ይሰመራል። ለዚህ የሚሆነው መላ ያረጀ የሱፍ ካልሲ ነው። የካልሲው አፍ ተቆርጦ፣ ለአውራ ጣትና ለጠቋሚ ጣት ቀዳዳ ወጥቶለት ከልጁ እጅ ላይ ሲጠልቅ መዳፉን ከስክሪኑ ይለያል፤ ብዕሩን የያዙት ጣቶች ግን ፎይሉን ይነካሉ። አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ደግሞ በግፊት የሚሠሩ በመሆናቸው ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፤ ማንኛውም ለስላሳ ዘንግ ይጽፍባቸዋል። ጥጡና የፎይሉ ቁራጭ ወደ አፍ ሊገባ ስለሚችል ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ብዕሩን ሰጥቶ መራቅ አይገባም።

የጽሕፈት መሣሪያን በቤት መሥራት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን የሚገዛው ከሱቅ አልነበረም፤ መቃ ቆርጦ፣ ጫፉን በቢላዋ አሹሎና ሰንጥቆ ራሱ ያበጀው ነበር። ጥቁሩን ቀለምም ከጥላሸትና ከዕፅዋት ራሱ ያዘጋጅ ነበር። የመቃው ስንጥቅ ቀለም እንደሚይዝ፣ ጫፉ ሲደንዝ እንደሚቀረጽ ያውቅ ስለነበር ብዕሩ ቢሰበርበት ሥራው አይቆምም።

የጥጡም ብዕር በዚህ መንገድ ይገለገሉበታል። ጥጡ ሲቆሽሽ ይለወጣል፤ ፎይሉ ሲቀደድ ይጠቀለላል። ልጁ አብሮ ቢሠራው ደግሞ አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፤ ፎይሉ ለምን እጄን መንካት አለበት? ወላጁ መልሱን በቃል ከመንገር ይልቅ ብዕሩን በደረቅ ጨርቅ አስይዞ ሊያጽፈው ይችላል። መስመሩ ይጠፋል። ጨርቁን ሲያነሣለት ይመለሳል። ልጁ ያን ጊዜ የ«ቸ»ን ሰረዝ እየሠራ ያለው ብዕሩ ብቻ ሳይሆን የራሱም አካል መሆኑን ይረዳል።